የናሙና ዕድሜ፦ 38 ደቂቃ

የደም ቀን ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። በመጋዘን ሰፈር ደሙን በሳጥን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ሰው በተራ ይወጣል፤ የሰኔ ተራ የእኔ ነበር። መጋዘን ሰፈር የሚባለው ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከአሮጌው የባቡር ዕቃ ማራገፊያ ጀርባ፣ ዳገቱ ላይ ያለው ነው። በአንድ ሳጥን አሥራ አራት ሰው እንሆናለን። ስሜ ሽበሺ ነው። ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው። የከባድ መኪና ረዳት ነበርኩ፤ መኪኖቹ ሰው መፈለግ ሲተዉ እኔም አረፍኩ።

ልጆቼ፣ ነገሩን እንደሆነው ነው የምጽፍላችሁ። ሳላስጌጥ፣ ሳልቀንስም።

ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አግዳሚ ወንበሬን ወደ ደጃፍ አወጣሁ። ሰው እጅጌውን ጠቅልሎ ይመጣል፣ ትንሿን የደም መውሰጃ ብልቃጥ ክንዱ ላይ ይለጥፋል፣ እስክትሞላ ድረስ ያወራል። ስትሞላ ራሷ ትለቃለች። ብልቃጧን ተቀብዬ በየስሙ ጎድጓዳ ላይ አስቀምጣለሁ። ሥራው ይኸው ነው። በደም ውስጥ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ሰውነት ገና ለመታመም ሲያስብ እነሱ ይበዛሉ፣ ወይም ያንሳሉ። ማሽኑ የሚቆጥረው እነሱን ነው። ከዚያ ወረቀት ይመጣል፦ ወይ «ጠርቷል»፣ ወይ «ደፍርሷል»። ከደፈረሰም የቱ የሰውነት ክፍላችን፣ በስንት ዓመት እንደሚታመም ይጽፋል። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚህ በላይ ጠይቄ አላውቅም።

ሰላምታችንም በዚያው ተለውጧል። «እንዴት አደርክ» አሁንም ይባላል፣ ግን መልሱን ቆሞ የሚሰማ የለም። ቆሞ የሚሰማው «ጠራልህ ወይ?» የሚለውን ነው። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ የሦስት ዓመት ወረቀት ይዞ ይሄዳል። ሰባት ቤት መቁጠር የቀረው መቼ እንደሆነ እንኳ አላስታውስም።

በዚያ ቅዳሜ መጀመሪያ የመጣው እንድሪስ ሙሄ ነው፤ እኩያዬ ነው፣ አብሮ አደጌም። ጉበቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ደፍርሶበት በየወሩ መርፌ ይወጋል። ቀጥላ ዘርፌ መጣች። ዘርፌ የባጃጅ መካኒክ ናት፣ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ከአጥር ማዶ ጎረቤቴ ናት።

እንድሪስ ክንዱን እንደዘረጋ ወደ እሷ ዞረ። «ዘርፌ፣ ከዚያ ከጠራው ደምሽ ትንሽ ብታበድሪኝ ምናለ? ሰለቸኝ እኮ።»

«የኔ ደም ግራሶ አለበት ጋሽ እንድሪስ። ጉበትዎ እንደ ሞተር ይነሳብዎታል።»

«ይነሳ! የት ሄዶ?»

ባሏ ይመር ከኋላዋ ቆሞ ሳቀ። ይመርና ዘርፌ ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፣ ልጅ አልወለዱም። ባለፈው ዓመት ተመዝግበው፣ በሐኪም እርዳታ ፅንስ እንዲያዝላት ለመስከረም ተቀጥሮላቸው ነበር። የቀራት አንድ ወረቀት ነው። የሰኔው ከጠራ መስከረም የእሷ ነው። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ብልቃጧን ስትሰጠኝ ሁለት እጇን አንድ ላይ አድርጋ ነበር፣ እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ጫጩት።

«ጋሼ፣ ቀስ ብለው ይሂዱ እሺ?»

«አብሽሪ ልጄ» አልኳት።

አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም አለቀ። ሳጥኑን ዘጋሁ፣ ዘግቼ አነገትኩት። ሕጉ አጭር ነው፦ በእግር ብቻ፣ ሳይዘነብል፣ ሳይናጥ፣ ደሙ ከተወሰደ በሁለት ሰዓት ውስጥ። መኪና ስለሚንጠው ክልክል ነው። ከቤቴ እስከ ጤና ጣቢያው በእኔ እግር ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው። ሳጥኑ ጊዜውን የሚቆጥረው ክዳኑ ከተዘጋባት ደቂቃ ጀምሮ ነው፤ ሲዘገይ በሴት ድምፅ ይናገራል።

ከድልድዩ በላይ ስደርስ ድንኳን አየሁ። የኑርዬ ደጃፍ ላይ ነው።

ኑርዬ አናጢ ነበር። የቤቴን በርና መስኮት የሠራልኝ እሱ ነው፣ ልጄ የሞተች ጊዜም የሬሳ ሳጥኗን ያለ ዋጋ የሠራልኝ እሱ ነው። ዓርብ አመሻሹን ለክረምቱ ጣራ ሊያስተካክል ወጥቶ ከመሰላሉ ወድቆ ሞተ። አሥራ አንድ ዓመት በተከታታይ የጠራ ሰው ነው፤ ወረቀቶቹን በመስታወት አድርጎ ሳሎኑ ሰቅሏቸው ነበር።

በእኛ ዘመን ሰው የሚሞትበትን ዓመት አስቀድሞ ያውቃል። ዘመድ መጥቶ ይሰነብትበታል፣ ይቅር ይባባላል፣ ልቅሶው ከሞቱ በፊት ግማሹ ያልቃል። እንዲህ ድንገት ሲሆን ሰው አለቃቀሱ ይጠፋበታል። ድንኳኑ ውስጥ ሰዎች እርስ በርስ ይተያያሉ።

«ደፍርሶበት ነበር እንዴ?» አለ አንዱ።

«ኧረ የለም። ጠርቶ ነው የሞተው።»

«ጠርቶ?»

«ጠርቶ።»

እንግዲህ እኔ የኑርዬን በር ሳጥን አንግቼ ልለፈው? አልቻልኩም። መቻልና አለመቻሉንም አላሰብኩበትም፤ እግሬ ራሱ ገባ። ተቀመጥኩ፣ ሳጥኑንም ጉልበቴ ላይ አደረግኩት።

ከሰዓት ያህል በኋላ ሳጥኑ ተናገረ። «ጊዜዎ እያለቀ ነው። እባክዎ ይፍጠኑ።»

ድንኳኑ በሙሉ ዞሮ አየኝ። የኑርዬ ባለቤት ዘሀራም አየችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰው በሞተበት ቤት ሳጥን ሲናገር! ክዳኑን ከፈት አድርጌ መልሼ ዘጋሁት። ክዳኑ ሲዘጋ ሳጥኑ ከዜሮ ይጀምራልና ዝም ይላል። ይህን ሳጥን የያዘ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔን ያሳየኝ ከእኔ በፊት ተራ የነበረው ሰው ነው፣ ለእሱም ያሳየው ሌላ ነው።

ሬሳው አራት ሰዓት ላይ ወጣ። ቃሬዛውን በተራ ተሸከምን። ሳጥኑ በአንድ ትከሻዬ፣ ኑርዬ በአንድ ትከሻዬ። ሬሳው ሳይወጣ አንዴ፣ ከመቃብር ስንመለስ አንዴ፣ ሳጥኑ ሊናገር ሲል እየከፈትኩ ዘጋሁት። ለመጨረሻ ጊዜ የዘጋሁት አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ዘሀራን አጽናንቼ ወጣሁና ጤና ጣቢያው መስኮት አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ።

ተረካቢው ጨዋ ልጅ ነው፣ ተነሥቶ ነው የሚቀበለኝ። «ጋሼ ሽበሺ፣ የት ቆዩ ዛሬ?»

«የትም» አልኩት።

ልዋሽ ብዬ አልነበረም፤ እመኑኝ። ገበያ ገብቼ ቢሆን፣ ጠላ ቤት ተቀምጬ ቢሆን እነግረው ነበር። ልቅሶ መድረስ ግን መቆየት ነው ብሎ ልቤ አልቆጠረውም። መንገድ ላይ ውኃ እንደ መሻገር ነው፣ ስትሄድ የሚያጋጥም ነገር። ልጁ የሳጥኑን ሰዓት አየ፣ ማኅተሙን መታ፣ «ይግቡ አረፍ ይበሉ» አለኝ። አላረፍኩም፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ወረቀቱ በአሥረኛው ቀን፣ ማክሰኞ መጣ።

የእኔ ጠርቷል። የእንድሪስም ጠርቷል! ከሁለት ዓመት በኋላ! በመንገዱ ላይ ወረቀቱን እያውለበለበ ሲሮጥ አየሁት፣ በሰባ ዓመቱ። የዘርፌ ደፍርሷል።

አመሻሹ ላይ ሄድኩ። ይመር በሩ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ጎማ ይዞ ያገላብጣል፣ ግን አይሠራም። ዘርፌ ውስጥ ናት። አላለቀሰችም፤ አልቅሳ ጨርሳለች።

«ቆሽት ነው ጋሼ። ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ይላል። የመታመም ዕድሌ ከመቶ ሰባ አንድ።»

«መከላከያ አለው አይደለም እንዴ?»

«አለው። ከሰኞ ጀምሮ በየወሩ ይወጉኛል። አምስት ዓመት።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። «መርፌው ባለበት ፅንስ አይያዝም። ክልክል ነው፣ ልጁን ያበላሸዋል። ሲያልቅ አርባ ሁለት ይሆነኛል። መስከረምን ሰርዘውታል፣ አሁን ደወሉልኝ።»

ወረቀቱን አንስቼ እንደሚያነብ ሰው ያዝኩት፣ ዝም ብሎ ከመቀመጥ ይሻላል ብዬ። ከላይ ስሟ፣ ከመሃል ቁጥሮቹ፣ ከታች በትንንሽ ፊደል አንድ መስመር አለ፦ «የናሙና ዕድሜ፦ 38 ደቂቃ»።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደሟን የተቀበልኩት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው። መስኮቱ ጋ የደረስኩት አምስት ተኩል ነው።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ምንም። ዓይኔ ነው።»

ይኸን ያልኩት ግን ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ነው።

ረቡዕ ለማንም ሳልነግር ዋልኩ። ሐሙስ እንድሪስ በግ አረደ። ሰፈሩ ሁሉ ተጠራ፤ ዘርፌና ይመር ብቻ አልመጡም። እንድሪስ መርፌውን ማቋረጡን፣ የተረፈውንም ለጤና ጣቢያ መመለሱን ተነሥቶ ተናገረና ተጨበጨበለት። ከዚያ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«ብላ እንጂ ሽበሺ! የጤነኛ ሰው በግ ነው።»

በላሁ። ያን ሥጋ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ምክንያቱም በዚያች ሰዓት ሁለተኛው ነገር ገባኝ፦ የእሷ ወረቀት እውነት ካልሆነ የእሱም አይደለም። አንዱን ሳጥን ይዤ ለሁለት አልከፍለውም። ለዘርፌ አፌን ስከፍት የእንድሪስን ወረቀት ነጥቄ ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ የሰኞ መርፌዋ አለ።

ዓርብንም እንዲሁ ዋልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ጤና ጣቢያው ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ።

የደሙ ኃላፊ ሲስተር ራህመት ናት። የልጅ ልጄ የምትሆን፣ ጭምት ሴት ናት። ሁሉንም ነገርኳት። እየሰማች ቆየችና ደብተሯን ዘጋች።

«ደም በማሽን ሳይለይ ከቆየ፣ ከተናጠም ደግሞ፣ ቀዩ የደም ሕዋስ ይፈነዳል ጋሼ። ውስጡ ያለው ሁሉ ይፈስሳል። አንዳንዱን ጥቃቅን በውሸት ያበዛዋል፣ አንዳንዱን ይሸፍነዋል። ማሽኑ ያንን ለማወቅ የሚተማመነው በሳጥኑ ሰዓት ነው። የእርስዎ ሳጥን ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ብሎታል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ለምን የትም አልነበርኩም አሉ?»

«የትም አልነበርኩማ። ኑርዬ ቤት ልቅሶ ነው የደረስኩት።»

የዘጋችውን ደብተር ወደ ጎን ገፋችው።

«እኔም ነበርኩ» አለች። «ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ። ሳጥኑ ጉልበትዎ ላይ ሆኖ አይቼዋለሁ። ሲናገርም ሰምቼዋለሁ። ሲከፍቱት...» እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «አሁንስ ዝም አሰኙት፣ ተመስገን ነው ያልኩት። ሌላ ምንም አልመሰለኝም።»

ከዚያ ሕጉን ነገረችኝ፦ አሥራ አራቱም ወረቀት ይሰረዛል፣ ደም እንደገና ይወሰዳል፣ እኔ ከእንግዲህ ሳጥን አልይዝም። መሰረዙንም ለቀሩት አሥራ ሦስት ቤቶች በአፌ የምነግረው እኔው ነኝ።

መጀመሪያ ዘርፌ ቤት ሄድኩ። ቆሜ ነገርኳቸው። ይመር ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?»

«ከማክሰኞ።»

«ማክሰኞ! አራት ቀን ሙሉ ሌሊቱን ስትነሳና ስትቀመጥ ከአጥር ማዶ ሆነው እየሰሙ!» አንድ እርምጃ ወደ እኔ ቀረበ። «አባቴ ነዎት ብለን!»

«ይመር» አለች ዘርፌ። «ቁጭ በል።»

«አልቀመጥም!»

«ቁጭ በል አልኩህ።» ወደ እኔ ዞረች። «ስለዚህ የሰኞው ቀረ?»

«ተላልፏል። የሁለተኛው ወረቀት እስኪመጣ።»

«እሺ» አለች። ወንበር አላቀረበችልኝ፤ አልጠበቅኩም።

እንድሪስ ቤት ስደርስ የበጉን ቆዳ ግድግዳ ላይ ወጥሮ እያደረቀ ነው። ስነግረው እጁን ከቆዳው ላይ አላነሳም።

«ጉበቴ ደፍርሷል እያልከኝ ነው?»

«አላወቅንም ነው የምልህ። እንደገና ይታያል።»

«መርፌዬንም መለስኩ እኮ።»

«ሲስተር ራህመት አስቀምጣልሃለች። ዛሬውኑ ሂድ ብላሃለች።»

ከዚያ ሳቀ፣ ግን እንደ ወትሮው ሳቁ አልነበረም። «እይ ሽበሺ፣ አራት ቀን ጤነኛ ሰው ሆኜ ኖርኩ። ከልጅ ልጆቼ ጋር ኳስ ተጫወትኩ። እነዚያን አራት ቀን አልመልስልህም፣ ሰማህ? ወረቀቱን ውሰድ።»

ወረቀቱን አጣጥፎ ሰጠኝ። የቀሩትን አሥራ አንድ ቤቶች ስዞር መሸ። አንዳንዱ ሰደበኝ፣ አንዳንዱ ውኃ ሰጠኝ። ስለ ሳጥኑ ክዳን ግን ማንም ምን ማለትህ ነው ብሎ አልጠየቀኝም።

በማግስቱ እሑድ ሲስተር ራህመት ራሷ መጥታ ደሙን ወሰደች፣ ራሷ ተሸክማ ወረደች። አሥር ቀን ጠበቅን። ወረቀቱን እኔ እንዳደርስ ሲስተር ፈቀደች፤ ቅጣትም ይሁን ምሕረት አልጠየቅኩም።

እንድሪስ ጉበቱ እንደ ድሮው ደፍርሷል። ወረቀቱን ሳያነብ ኪሱ ከተተውና «ና፣ እስከ መርፌው አድርሰኝ» አለኝ። አብረን ወረድን፣ አብረን ተመለስን፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ሲስተር ራህመት እንዳለችው፣ መርፌውን አቋርጦ ሦስት ወር ቢቆይ ኖሮ ወደኋላ መመለሻ አልነበረውም። ይህን አልነገርኩትም። የነገረችው እሷ ናት።

የዘርፌን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ፈርቼ ነው። ሥራ ቦታዋ አልሄድኩም፣ ማታ ቤቷ ጠበቅኳት። ወረቀቱን ከፈተችው፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፣ የናሙናውን ዕድሜ በጣቷ ነካችው። 31 ደቂቃ ይላል።

«ጠርቷል» አለች።

ይመር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ወደ ጓዳ ገባ። ድምፁ ይሰማናል። እሷ አልተንቀሳቀሰችም።

«መስከረምን መልሰውልሻል» አልኳት። «ሲስተር ነግራኛለች።»

«እሺ ጋሼ። ይቀመጡ።» ወንበር ሳበችልኝ። ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ለጥ አደረገችው፣ የተበላሸ ዕቃ ከፊቱ አድርጎ እንደሚያይ መካኒክ።

«ያን ቀን ባይነግሩን ሰኞ እወጋ ነበር» አለች።

«ትወጊ ነበር።»

«አምስት ዓመት።»

«አዎ።»

«ክዳን ከፍቶ መዝጋቱን ማን አሳየዎት?»

«ከእኔ በፊት የነበረው። ሁሉም ያውቃል ልጄ።»

ራሷን ነቀነቀች። ቁጣ አልነበረባትም፣ የምታስበው ሌላ ነገር ነው። «ጋሼ፣ ይኼ ሳጥን ሰፈራችን ከገባ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። እስካሁን ስንት ሰው ሳጥን ይዞ ልቅሶ ደርሶ ይሆን?»

ተሰናብቻት ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። የሌላውን ሰው አላውቅም፤ የራሴን ነው የቆጠርኩት። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አሥር ጊዜ ሳጥን ይዣለሁ። ከአሥሩ በሦስቱ መንገድ ላይ ልቅሶ አጋጥሞኝ ገብቻለሁ፤ በወሩና በሟቹ ስም አስታወስኳቸው። በእነዚያ ወሮች ማን ደፈረሰ፣ ማን ጠራ፣ እሱን አላስታውስም። ከጠሩት ውስጥ በኋላ የተቀበሩ እንዳሉ ግን አስታውሳለሁ። ከደፈረሱትም እስከ ዛሬ በየወሩ ክንዷን የምትዘረጋ ጎረቤት አለችኝ።

ጠዋት ጤና ጣቢያው ሲከፈት ገባሁ። ሲስተር ራህመት አየችኝና ከጠረጴዛዋ ተነሣች።

«ሌላ ምን አለ ጋሼ?»

«ሦስት አለ» አልኳት። «በእኔ እጅ ብቻ።»

በሩን ዘጋችው። ተመልሳ ተቀመጠችና ብዕሯን አነሣች።

«ከመጀመሪያው ይጀምሩልኝ» አለች። «የትኛው ወር ነበር?»